የባትላሜራው መዳፍ

ሰውዬው ባትላሜራ ነበር፤ ተጋጭቶ የተጨራመተ የመኪና ገላ እየቀጠቀጠ ያቃናል። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ያልሻራት አንዲት ደንብ ነበረችው። በሩን ወይም ኮፈኑን ቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ቀብቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ከጨረሰ በኋላ፣ መኪናው ወደ ቀለም ቀቢው ከማለፉ በፊት ባለቤቱን ያስጠራዋል። ከዚያ ከኋላ ኪሱ ስስ የጥጥ ጨርቅ አውጥቶ ላሜራው ላይ ያነጥፋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በጨርቁ ላይ ቀስ እያደረገ ያሳልፋል። ባዶ እጅ ላሜራ ላይ ያዝ ያዝ እያለ ያስቸግራል፤ በጨርቅ ላይ ግን ተንሸራቶ ያልፋልና ዓይን ያላያትን ስርጉዳት ያገኛታል። ዓይኑን ሲገልጥ ያገኘውን ሳይቀንስ ይናገራል።

«እዚች ጋ ትንሽ ቀርታለች» ይላል። «ቀለም ሲነካት አንተ አታያትም። እኔ ግን ስለማውቃት ነግሬሃለሁ።»

ደንበኞቹ፣ ራሱን የሚከስ ነጋዴ አየን ብለው ይስቁበታል። ሲጋጩ ግን ሌላ ጋራዥ አይሄዱም።

ይህ ሰው በዓለም ላይ የሚዋሸው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለልጁ።

ልጁ ሲወለድ ደረቱ መሐል ላይ ጎድጎድ ያለች ነገር ነበረችው። አዋላጇ በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋት፣ ሲያድግ ትሞላለች አለች። አባትየው ሕፃኑን የማጠቡን ሥራ ለማንም አይሰጥም ነበር፤ በጀርባው ሲያስተኛው ውሃው እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እሱም ጣቱን ይነክርና የሕፃኑን አፍንጫ ጫፍ ያረጥባል። ሕፃኑ በሳቅ ይፈርሳል። «ማንኪያዬ» ይለው ጀመር፤ ስሙ በዚያው ጸና። ልጁም አምስትና ስድስት ዓመት ሲሆነው ገንዳው ውስጥ ተንጋሎ፣ ማንኪያዬን ሙላልኝ እያለ ያዝዘው ነበር።

ግን አዋላጇ እንዳለችው አልሆነም። ልጁ ሲያድግ ጎድጓዳዋም አብራው አደገች። በአሥራ አንድ ዓመቱ የጎልማሳ ጡጫ ይገባባት ነበር። ትምህርት ቤት ክፍላቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ መጨረሻ ይደርሳል፤ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለከልክ ያየው ሰው ካለ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታና መልሶ ያስራል። ሐሙስ ሐሙስ ክፍሉ በሙሉ ወደ መዋኛው ሲሄድ እሱን ጉንፋን ይይዘዋል። ዓመቱን ሙሉ ሐሙስን እየጠበቀ የሚነሳ ጉንፋን ነው። አንድ ቀን ደግሞ አባቱን፣ ማንኪያ እንዳትለኝ አለው። አባትየው ምክንያቱን አልጠየቀም፤ ከዚያ ወዲያም በዚያ ስም አልጠራውም።

እናትየው ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ መስኮት ሥር ነው። እሷ ነገሩን በያዘችው ሙያ ተቋቋመችው። የልጇ ሸሚዝ ሁሉ ደረቱ ላይ ሁለት ትልልቅ ኪሶች አሉት፤ በውስጥ በኩል ደግሞ ጨርቁ ወደ ጎድጓዳው እንዳይገባ በወፍራም ገበር ተደግፏል። ዘመዶች፣ ልጁን ወታደር ልታደርጊው ነው ወይ እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ኪስ መስፋቷን ግን አትተውም።

አባትየውም የራሱን ሞከረ። ሙከራው እስከ ዛሬ በቤታቸው ሲነሳ እናትየው ከክፍሉ ትወጣለች።

ጋራዡ ውስጥ ስርጉዳትን ያለ መዶሻ የሚያወጣ የላስቲክ መምጠጫ አለ፤ ላሜራው ላይ ተለጥፎ አየሩ ሲወጣለት እንደ አልቅት ይጣበቅና ሲሳብ ብረቱን ይዞ ይነሳል። አንድ ቅዳሜ እናትየው ገበያ እንደሄደች ሰውዬው ይህን ዕቃ ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠበው፤ መጀመሪያ የራሱ ጭን ላይ ሞከረው፤ ከዚያ ልጁን ጠራው። ልጁ ለማመን አልቸገረውም። መስታወት ፊት ቆመው ለጠፉት። አባትየው ሲስብ፣ ደረቱ ተነሳ። እውነትም ተነሳ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው መስታወቱን አዩ። ከዚያ ላስቲኩ ጧ ብሎ ለቀቀ፤ ደረቱም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የቀረው የሻይ ማስቀመጫ ሳህን የሚያክል ክብ ወይን ጠጅ ሰምበር ነው።

ሰኞ ዕለት የትምህርት ቤቱ ነርስ ሰምበሩን አየችው። እናትየው ተጠርታ ስትሄድ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ነው የሄደችው። ማታ ባሏ ሲገባ እራቱን አቅርባለት እስኪጎርስ ጠበቀችና፣

«ልጄ የመኪና በር ነው?» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ወደ ልጁ ደረት አላስጠጋም። ልጁ ቀና ብሎ በጥያቄ ባየው ቁጥርም፣ «ምንም የለብህም ልጄ፤ እንዲህ ነህ፤ ደህና ነህ» ይለዋል። ያ ሰምበር ግን አንድ ደግ ነገር ሠርቶ አለፈ፤ ነርሷ ለሆስፒታል ወረቀት ጻፈችላቸው።

ሆስፒታል ያገኙዋት የቀዶ ሕክምና ሐኪም አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ትንፋሹን ለመለካት ልጁን ቱቦ አስነፋችው፤ ፎቅ አስወጥታ አስወረደችው፤ የደረቱን የሲቲ ስካን ምስል ግድግዳው ላይ አብርታ አሳየቻቸው። የደረቱ አጥንት ወደ ጀርባ አጥንቱ ገብቶ ልቡን ወደ ግራ ገፍቷታል፤ ሳንባውም በደንብ የሚሰፋበት ቦታ የለውም። ከዚያ የሚደረገውን አስረዳች። ደረቱን ከፊት አይከፍቱትም። ከሁለቱ ብብቶቹ ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ እያንዳንዱ የአውራ ጣት ርዝመት የማይሞላ ቀዳዳ ይከፈታል፤ በአንዱ እርሳስ የመሰለች ካሜራ ትገባለች። በካሜራው እያዩ፣ በደረቱ ልክ የጎበጠ የማይዝግ ብረት ከአጥንቱ በስተኋላ፣ ከልቡ በስተፊት ያሳልፋሉ። ብረቱ የሚገባው ጉብጠቱን ወደ ጀርባ አጥንቱ ሰጥቶ ነው። ወዲያ ማዶ ሲወጣ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥ አጥንቱን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሦስት ዓመት እዚያው ቆይቶ አጥንቱ ሲለምድ ይወጣል።

እናትየው «ከልቡ በስተፊት» የሚለው ላይ ደርቃ ቀርታለች። አባትየው ግን የጠየቀው ሌላ ነው፤ ብረቱን የሚያጎብጠው ማን ነው?

ሐኪሟ እኔው ነኝ አለችና ከመሳቢያ ናሙናውን ከማጎበጫው ጋር አወጣችለት። ማጎበጫው ከትልቅ ፒንሳ አይለይም። ሰውዬው ብረቱን ተቀብሎ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ወደ መስኮቱ ዞሮ በአንድ ዓይኑ አነጣጠረበት።

«ጫፉ በደንብ ተሞርዷል» አለ። «ግን ዶክተር፣ ብረት ይመለሳል። ባጎበጡት ልክ አይቀርም።»

«ለዚያ ነው ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፌ የማጎብጠው» አለች ሐኪሟ።

ሰውዬው ብረቱን ቀስ ብሎ መለሰላት። እሱም የበርን ስርጉዳት ቀለሙ ሳይነካ ማውጣት ሲፈልግ ከጀርባው ብረት አስገብቶ በመገልበጥ ነው የሚገፋው። የሙያ ባልደረባውን ያገኘ መሰለው፤ ልቡ ረገብ ሲልለትም የመምጠጫውን ነገር ተናዘዘ። ሐኪሟ ላለመሳቅ ታገለችና ተሸነፈች። ከዚያ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መምጠጫ መኖሩን ነገረችው፤ ደረታቸው ገና ለስላሳ ለሆነና ጎድጓዳው ጥልቅ ላልሆነ ልጆች በሐኪም ቁጥጥር ለወራት ይደረጋል። ለዚህ ልጅ ግን ጊዜው አልፎበታል።

«ሐሳቡስ ትክክል ነበር፤ እርስዎ ያልሆነ ዕቃ ነው ያነሱት» አለችው።

ሰውዬው ሚስቱን ዞሮ አያት። ሚስትየው ወደ ጣሪያው ትመለከት ነበር።

ወረቀቱ ላይ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሐኪሟ ግን የልጁን ቃል ሳልሰማ ቢላ አላነሳም አለች። ልጁ አባቱን አየ፤ ይደረግልኝ ወይ ብሎ ጠየቀው። አባትየውም አፉ በለመደው ሄደ፤ ቢደረግም ጥሩ፣ ባይደረግም አንተ ምንም የለብህም አለው። ልጁ ፊቱን አዞረ። እንግዲያው አልፈልግም ብሎ ተነስቶ ወጣ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወደ ጋራዡ ጎራ አለ። አባቱ አንድ ሾፌር አጠገቡ አቁሞ የበሩን ፍተሻ ይዟል። ልጁ ጎማ ላይ ተቀምጦ አየ፤ ጨርቁ ሲነጠፍ፣ ዓይኑ ሲጨፈን፣ መዳፉ ሲያልፍ። ከመያዣው በታች አንዲት ቀርታለች ሲል ሰማ። ሾፌሩ እየሳቀ ሄደ።

«ለመኪና እውነቱን ትናገራለህ» አለ ልጁ።

«ለማን ዋሸሁ?»

«ለኔ። አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ነው ብለኸኝ አታውቅም። ምንም የለብህም፣ ምንም የለብህም። ምንም ከሌለብኝ እማዬ ለምንድን ነው ኪስ የምትሰፋው?»

አባትየው ጨርቁን አጣጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጣጠፈ። ልጁን ላለማሳቀቅ ብሎ እንደሆነ ሊነግረው ፈለገ፤ ግን ይህን ለአንድ ደንበኛ ቢናገር ሰውየው ምን እንደሚለው ያውቃል።

ልጁ ተነሳና የሸሚዙን ቁልፎች ፈታ። «እንደ በሩ አድርገህ ንገረኝ» አለው። «ዓይንህን ጨፍነህ።»

አባትየው እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ከመሳቢያው ያልተነካ ንጹህ ጨርቅ አወጣ፤ የልጁ ደረት ላይ አነጠፈ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ከመምጠጫው ወዲህ እጁ እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው፤ ጎድጓዳው ጠርዝ ላይ ቆም አለ፤ ቆይቶ ግን ሥራው ነውና ቀጠለ።

«ጥልቅ ነው» አለ። «ከመሐል ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ታች ያሉት ጎድኖችህ ወደ ውጭ ብቅ ብለዋል፤ በግራ ያለው ይብሳል። ልብህ ቦታዋን ለቃለች፤ ይኸው እዚህ ነው የምትመታው፣ ቆዳህ ሥር። ይህ በራሱ የሚሞላ አይደለም። ከውስጥ መገፋት አለበት።»

ልጁ ጨርቁን ከደረቱ አንስቶ ለአባቱ መለሰለት።

«ለካ ታውቀው ነበር» አለ።

«ከተወለድክ ጀምሮ።»

«እሺ፤ እገባለሁ። ግን ሲያልቅም እንዲሁ ፈትሸህ ትነግረኛለህ። ቢቀርም ቀርቷል ትላለህ። እማዬ ብትጠቅስህም።»

አባትየው ማለ። እንዲህ ዓይነት መሐላ ቀላል እንዳልሆነ የገባው ግን የፈቃድ ወረቀቱን ሲፈርም ነው። ብረቱን አይፈራም፤ ሐኪሟንም አምኗታል። ሥራው አልቆ አንዲት ነገር ብትቀር፣ ያን ያህል ሕመም ለተሸከመ ልጅ በየትኛው አፉ ይነግረዋል?

የቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት ባልና ሚስቱ በመጠበቂያው ክፍል ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናትየው የልጇን አንድ ሸሚዝ ይዛ መጥታ ኪሱን በመቀስ ጫፍ ክር በክር ትፈታለች፤ ባሏ ስለዚህ አልጠየቃትም። እሱ መያዣ ያጡ እጆቹን አንዴ ጉልበቱ ላይ አንዴ ብብቱ ሥር እያደረገ፣ በሐሳቡ ብረቱን አስገባ፣ አሳለፈ፣ ገለበጠ፤ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ። ከሃያ ጊዜ በላይ ሳይገለብጠው አልቀረም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሐኪሟ ኮፍያዋን እያወለቀች ወጣችና በሰላም አለቀ አለቻቸው።

እናትየው የሐኪሟን እጅ ይዛ መልቀቅ ረሳች። አባትየው ግን፣ ሲነሳ ድምፅ አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሐኪሟ መጀመሪያ አልገባትም።

«ደረቱ፤ ብረቱ ሲገለበጥ።»

«የለውም» አለች። «ግን ሁላችንም እናየዋለን። ስንት ጊዜ ሠርቼው እንኳ፣ ሲነሳ ክፍሉ ጸጥ ይላል።»

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ከባድ ነበሩ። መድኃኒት ቢኖርም ሕመሙ ልጁን ከአልጋው ጋር ሰፍቶታል፤ ማስነጠስ ያስፈራዋል፤ መሳቅ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። አባቱ ሰው ሲታመም ቀልድ የሚመጣበት ሰው ስለሆነ፣ በሁለተኛው ቀን ልጁ እያሳቀኝ ነው ብሎ በእንባ ከሰሰው። የሆስፒታሉ ነርስ መጥታ፣ «አባቱ፣ እስከ ዓርብ ቀልድ ክልክል ነው» አለችው፤ አልጋው ራስጌ ያለው ሰሌዳ ላይም ከመድኃኒቱ ሥር ጻፈችው። ሰውዬውም አከበረው። ክልከላው ራሱ የሚያስቅ ነገር ስለሆነ ግን አባትና ልጅ ዓይን ለዓይን መተያየት አቆሙ፤ ሲነጋገሩ አንዱ ወደ መስኮቱ፣ ሌላው ወደ በሩ ያያል።

ነርሷ ለአባትየው የልጁን አያያዝ አስተማረችው። ሲነሳ በክንዱ አይሳብም፤ ከትከሻው በስተኋላ ክንድ ገብቶ ጀርባው ቀጥ እንዳለ ይደገፋል። አባትየው ይህን ሲሠራ ከነርሶቹ ሁሉ ይሻል ነበር፤ ትልቅ መስታወት ሳይሰበር ከቦታ ቦታ የሚያዛውር ሰው እጅ ነው ያለው። ትንፋሽ ስበው የሚያነሷቸው ሦስት ኳሶች ያሉበት የፕላስቲክ ዕቃም ለልጁ ተሰጠው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ልጁ የሚያነሳው አንዷን ነበር። ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ሁለተኛዋ ተነሳች። ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ እናትየው መኪናዋን እየረገጠች ሳለ፣ ሦስቱም ሲንኳኩ ሰማች፤ እግሯን ከመርገጫው አነሳች፤ እስኪደገም ጠበቀች።

ሦስት ወር ሞላ። ሐኪሟ አየችውና ይሩጥ፣ ይዋኝ፣ ከመጋጨት ብቻ ይጠንቀቅ አለች። በዚያው ሳምንት እሑድ ረፋዱ ላይ እናትየው አዲስ ሸሚዝ ሰፍታ ጨረሰች፤ ስስ፣ ነጭ፣ ኪስ የሌለው። ልጁ ተቀብሎ ወንበር ላይ አስቀመጠውና አባቱን ጠራ።

«ጨርቅህን አምጣ» አለው።

አባትየው እጁን ታጥቦ፣ ንጹሁን ጨርቅ ይዞ መጣ። እናትየው ከልጁ ጀርባ ቆማ ቅንድቧን አነሳች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ በከንፈሯ ያለ ድምፅ አንድ ቃል ደጋገመች። ባልየው ግን ዓይኑን ጨፍኗል።

መዳፉ ከግራ ተነሳ። ከብብቱ ሥር የብረቱን ጫፍ በቆዳው ውስጥ አገኘው፤ አለፈው። ጎድኖቹ ገብተዋል። መሐሉ ልሙጥ ነው፤ ልቡ ወደ ቦታዋ ገብታ ርቃ፣ ጠለቅ ብላ ትመታለች። እዚህ ላይ ቢያቆም ማንም አይወቅሰውም። መዳፉ ግን ልማዱ ነውና ወደ ቀኝ ቀጠለ፤ ከመሐሉ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ ቀስ አለ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ አለፈ።

«ከግራ እስከ መሐል እንደ አዲስ ነው» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «በቀኝ በኩል፣ እዚች ጋ፣ ትንሽ ቀርታለች። የሻይ ማንኪያ ታክላለች።»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። እናትየው ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። አባትየው ዓይኑን ለመግለጥ አልቸኮለም።

«አውቃታለሁ» አለ ልጁ። «ሐሙስ ዕለት ነው ያገኘኋት። ትናገር እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

አባትየው ዓይኑን ገለጠ። ልጁ ቀና ብሎ ያየው ነበር፤ ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረበትም።

«ዶክተሯ ብረቱን ስታወጣ እንጠይቃት?» አለ አባትየው።

«ትቅር» አለ ልጁ። «ሌላው ደህና ነው ስትለኝ አሁን አምንሃለሁ።» ሸሚዙን አንስቶ ለበሰ። እናትየው ፊቷን ጠራርጋ መጣችና እጅጌው ረዝሟል ብላ ተቆጣች፤ የተቆጣችው ግን የሰፋችውን ራሷን ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጉንፋኑ አልመጣም። አባትየው ከጋራዡ ቀደም ብሎ ወጥቶ ልጁን ከመዋኛው ለመውሰድ ሄደ። ልጆቹ ከውሃው ወጥተው ጠርዙ ላይ በጀርባቸው ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሁሉም ከወገባቸው በላይ ራቁት ናቸው፤ ሁሉም አንድ ላይ ያወራሉ። አንዱ የልጁ ጎን ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቱ እያሳየ ስለ ብረቱ ይጠይቀዋል፤ ልጁ ደግሞ ብረቱ የተገለበጠበትን በእጁ እያሳየ ይመልስለታል።

አባቱን ሲያይ ከተጋደመበት ሳይነሳ ጠራው። «ና እያት» አለው፤ በአገጩ ወደ ደረቱ እያመለከተ። «አሁንም ትይዛለች።»

አባትየው ጎንበስ አለ። በቀኝ በኩል፣ እዚያችው ቦታ ላይ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ ተቀምጣለች። ጣቱን ነከረና የልጁን አፍንጫ ጫፍ አረጠበው።

ልጁ ጓደኞቹ አይተው እንደሆነ በዓይኑ ጥግ ቃኘ። አይተዋል። አፍንጫውን ግን አልጠረገም።